የንጉሡ ሠ መካከለኛ እግር

ደብረ ማርቆስ ውስጥ፣ ከመሥሪያ ቤቶች ፊት ለፊት የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ሱቅ የከፈተ ሰው መጀመሪያ የሚያስረክበው ጨጓራውን ነው። እኔ ካስረከብኩ ቆይቻለሁ። ጠዋት የሱቁን በር ከፍቼ ማሽኑ ሳይሞቅ አንዱ መጥቶ ደጃፉ ላይ ይቆምና «ኦሪጅናል ኮፒ ታደርግልኛለህ?» ይለኛል። ኦሪጅናል ከሆነ ኮፒ አይደለም፣ ኮፒ ከሆነ ኦሪጅናል አይደለም እያልኩ ማስረዳቱን ድሮ ትቼዋለሁ። «አደርግልሃለሁ» ብዬ እቀበለዋለሁ። ሌላዋ ደግሞ የኮፒ ኮፒ፣ የኮፒ ኮፒ የሆነ፣ የባለቤቱ ፊት የተቃጠለ ድንች የመሰለበት መታወቂያ ታመጣና «እስቲ አጥራልኝ» ትላለች። ማሽኑ ያላየውን ከየት አምጥቶ ያጠራል? «ዋናውን አምጪልኝ» ስላት «ዋናውማ እንዳይጠፋብኝ ብዬ ቤት ቆልፌበት ነው የመጣሁ» ትላለች። እንዲህ እየተባባልን እንውላለን።

አንዳንዴ ጥፋቱ የቋንቋችን ይመስለኛል። እኛ አንዱን ጽሑፍ ወደ ሌላ ወረቀት ማስፈርን መገልበጥ እንላለን። ተማሪ ከሰሌዳ ይገለብጣል፤ ጸሐፊ ከብራና ይገለብጣል፤ ሾፌር ደግሞ አባይ በረሃ ቁልቁለት ላይ ይገለብጣል። ለሦስቱም ቃሉ ያው አንድ ነው። በየደብዳቤው ግርጌ «ግልባጭ» ተብሎ የመሥሪያ ቤቶች ስም ተደርድሮ ባየሁ ቁጥር፣ ጎማው ወደ ሰማይ ዞሮ የሚሽከረከር መኪና ነው የሚታየኝ። ይህን ቀልድ ለደንበኞቼ በሙሉ ነግሬ ስለጨረስኩ አሁን የሚስቅልኝ ጠፍቷል። በመጨረሻ የምትስቀው እህቴ ብቻ ነበረች፤ እሷም አብራኝ ስለምትውልና ሌላ አማራጭ ስላልነበራት ነው።

እህቴ የመጨረሻ ልጅ ናት። በላቦራቶሪ ሙያ ተመርቃ፣ በጥሩ ውጤት፣ ጥቁር ካባዋን ለብሳ የተነሣችውን ፎቶ ሱቁ ግድግዳ ላይ ሰቅለን ሥራ ስንጠብቅ ፎቶው ፀሐይ በልቶት ቀለሙ ሄደ። እስከዚያው እኔ ጋ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጣ የሰው ማመልከቻ ትተይብ ነበር። ለሌሎች የሥራ ማመልከቻ ትጽፋለች፤ እነሱ ይቀጠራሉ፤ ተቀጥረው መጥተው ያመሰግኗታል። እሷ ፈገግ ብላ «እንኳን ደስ ያላችሁ» ትላለች። ከሄዱ በኋላ ቁልፎቹን ስትመታ ድምፁ ይለወጥ ነበር። እኔ ያንን ድምፅ እሰማለሁ።

ስሟን እዚህ አልጽፈውም። እስካሁን የጻፉት ሰዎች ይበቃሉ። ለዚህ ታሪክ የሚያስፈልገው በንጉሡ ሠ የሚጀምር መሆኑ ብቻ ነው፤ ያ ሦስት እግሩን ወደ ላይ የሰቀለው ሠ። ዛሬ ስልክ ላይ የሚጽፍ ሰው ሁሉ ያገኘውን ይጫናል፤ እሳቱ ሰ ሆነ ንጉሡ ሠ ግድ የለውም፤ ድምፁ አንድ ነው። አባታችን ግን ግድ አላቸው። አባታችን አምበር አካባቢ የቅኔ መምህር ናቸው። አገሩ ሁሉ የኔታ ይላቸዋል፤ እኛም ልጆቻቸው ፊደል የቆጠርነው እግራቸው ሥር ስለሆነ የኔታ እያልን አደግን። እህቴን ትምህርት ቤት ሊያስመዘግቡ በሄዱ ጊዜ መዝጋቢው ስሟን በእሳቱ ሰ ጀመረው። የኔታ እስክሪብቶውን ከነእጁ ያዙት። «ልጄን እሳት ውስጥ ልትጨምራት ነው? በንጉሡ ጻፍ!» አሉት። መዝጋቢው ሰረዘና በንጉሡ ጻፈ። ከዚያ ወዲህ ወረቀቶቿ ሁሉ፣ ከአንደኛ ክፍል እስከ ዲግሪዋ፣ በንጉሡ ሠ ናቸው። የኔታ በዚህ ይኮሩ ነበር።

እና አንድ ቀን አዲስ አበባ ካለ መሥሪያ ቤት ተደወለ። እህቴ የቅጥር ፈተናውን አልፋለች። ስልኩን እኔ ነበርኩ ያነሣሁት፤ እሷ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆማለች።

«የትምህርት ማስረጃዋን፣ ከዋናው ጋር የተገናዘበውን፣ እስከ ዓርብ በፋክስ ላኩልን» አለ ሰውዬው።

«ስካን አድርጌ በኢሜይል ብልክልዎስ? አሁኑኑ ይደርስዎታል፤ የማኅተሙ ቀለም እንኳ ሳይለወጥ።»

«ኢሜይል አንቀበልም።»

«በቴሌግራምስ?»

«ወንድሜ፣ ቴሌግራም የጨዋታ ነው። በፋክስ ላክ።»

«ፋክስ በምን ይሻላል?»

«ትክክለኛ ግልባጭ ነዋ!»

እሺ አልኩ። ምን እላለሁ? ሱቄ ጥግ ላይ ከአሮጌ ዕቃ ጨረታ ያመጣሁት የፋክስ ማሽን አለ። በከተማው የሚሠራ ሌላ ስለመኖሩ እርግጠኛ አይደለሁም። ከላዩ ላይ የወረቀት ካርቶን ተቆልሎበት ነበር፤ ካርቶኑን አነሣን፣ አቧራውን ጠረግን፣ የስልክ መስመሩን ሰካን፤ ተነፈሰ። እህቴ ደስታዋን መያዝ አቅቷት ማሽኑን በሻርፕዋ ጫፍ ወለወለችው።

ቀጥሎ ማገናዘብ ነው። ለማያውቅ ላስረዳ፤ ዋናውን ማስረጃና ኮፒውን ይዘህ መሥሪያ ቤት ትሄዳለህ፣ አንድ ሹም ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ያያል፣ ከዚያ ኮፒው ላይ «ከዋናው ጋር ተገናዝቧል» የሚል ማኅተም ያሳርፋል። ሐሳቡ ይህ ነው። የመጀመሪያው ቀን መብራት አልነበረም፤ ማኅተም መብራት ለምን እንደሚያስፈልገው የሚነግረን አጣን። በማግሥቱ ስንሄድ «ማኅተም ያዡ ስብሰባ ላይ ናቸው» ተባልን። «ማኅተሙስ?» አልኩ። «ማኅተሙም» አለችኝ ጸሐፊዋ፣ ሳትስቅ። ዓርብ ጠዋት ሰውዬውን አገኘናቸው። ስልክ እያወሩ ነበር። በትከሻቸውና በጆሯቸው መሀል ስልኩን ይዘው፣ ስለ አንድ የሚሸጥ ቦታ እየተከራከሩ፣ ኮፒውን ተቀብለው ማኅተሙን ድም አደረጉበት። ዋናው በፌስታል ተጠቅልሎ እህቴ ጉልበት ላይ ነበር። ዐይናቸውን እንኳ አልጣሉበትም። «ዋናውን አያዩትም?» ልል አፌን ስከፍት እህቴ እግሬን ረገጠችኝ።

ላክነው። ማሽኑ አፏጨ፣ ተንጫጫ፣ ወረቀቱን ቀስ እያለ ዋጠና በወዲያ በኩል ተፋው፤ ከዚያ «ኦኬ» የሚል ብጣሽ ወረቀት አወጣ። እኔ በሕይወቴ ያንን ያህል ያመንኩት ወረቀት የለም። እህቴ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ የተቀጠሩት ሰዎች ስም መሥሪያ ቤቱ በር ላይ ተለጥፏል ተባለና እህቴ አዲስ አበባ ሄደች። ከሰዓት በኋላ ደወለችልኝ።

«ስሜ የለም» አለችኝ።

«እንዴት የለም?»

«የኔን የሚመስል ግን አለ።»

«ምን ማለት ነው የሚመስል?»

«የአባታችን ስም አለ፣ የአያታችንም አለ። የኔ ግን በሀ ነው የሚጀምረው። በሃሌታው ሀ።»

መጀመሪያ አልገባኝም። ሠ እንዴት ሀ ይሆናል? በእሳቱ ሰ ቢጽፉት ይገባኛል፤ ሁሉም የሚሠራው ስሕተት ነው። እህቴ ወደ ውስጥ ገብታ ለምና የደረሳቸውን ፋክስ እንዲያሳይዋት ካደረገች በኋላ እንደገና ደወለች፤ ያኔ ነው ነገሩ የገባኝና አንጀቴ ያረረው። የነሱ ማሽን ሲያትም ከገጹ አናት እስከ ግርጌ አንዲት ነጭ መስመር ትተዋለች። እንዲህ ዓይነት መስመር አውቃታለሁ፤ ማተሚያው ላይ አንዲት ነጥብ ሞታ ነው። ያቺ መስመር በየረድፉ አንድ ፊደል እየሸረፈች ወርዳ፣ እህቴ ስም ላይ ስትደርስ የንጉሡን ሠ መካከለኛ እግር ልክ በቁመቱ በላችው። መካከለኛ እግሩ የተቆረጠ ሠ ደግሞ ሀ ነው። ሌላውን የተሸረፈ ፊደል ሁሉ አንባቢው ገምቶ ሞልቶታል። ስም ግን አይገመትም።

ይህን ያለኝ ራሱ የአዲስ አበባው ሰውዬ ነው፤ ስልኩን እህቴ ሰጠችው። «ወንድሜ፣ ስም ይገመታል እንዴ? እኛ እንደተላከልን ነው የገለበጥነው» አለኝ። የሚያናድደው እውነቱን መሆኑ ነው። ቆርጦ አልቀጠለም፤ ያየውን ጻፈ።

«ጥሩ፤ አሁን ዋናውን ይዛልዎት ቆማለች። ይዩትና ያስተካክሉት።»

«አይቼዋለሁ።»

«እና?»

«እኛ ጋ ካለው ጋር አይገናዘብም።»

ስልኩን ከጆሮዬ አንሥቼ አየሁት። ሱቁ ውስጥ ሦስት ደንበኞች ቆመው ነበር፤ ሦስቱም ፊት ፊቴን ያዩኛል።

«ጌታዬ» አልኩ ቀስ ብዬ፣ «ዋናው እኮ እሱ ነው። እርስዎ ጋ ያለው የሱ ግልባጭ ነው።»

«እሱ ትክክል ነው። ግን ቅጥሩ የጸደቀው እኛ ጋ ባለው ነው። ኮምፒውተር ውስጥ ገብቷል፣ ከላይ ተፈርሞበታል። በዚህ ስም የተቀጠረች ሰው አለች።»

«የለችም! በዚህ ስም የሚጠራ ሰው በምድር ላይ የለም! ትርጉም እንኳ የለውም!»

«እንግዲህ የመጣችው ሠ ናት፤ የተቀጠረችው ሀ ናት። ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን አባት ካሉ አባት፣ በሚኖሩበት ቀበሌ በኩል ያረጋግጡና ታምጣ። እስከ ሰኞ ካልመጣ ተጠባባቂዋ ትገባለች።»

ስም በፍርድ ቤት ማስተካከል ወራት ይፈጃል። እስከ ሰኞ የሚደርስ መንገድ ይህ ብቻ ነበር። ሰውዬው እንዲያውም እየተባበረን ነው፤ ድምፁ ክፉ አልነበረም። ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ የምሰድበው አገኝ ነበር። አንዱን ደንበኛ ያለ ጥፋቱ ተቆጣሁት፤ የሌላውን የልደት ካርድ አዛብቼ ኮፒ አደረግኩለት፤ ሱቁን ዘግቼ ወጣሁ።

እህቴ በማግሥቱ ከአዲስ አበባ ተመለሰች፤ መናኸሪያ ተቀብያት በዚያው ወደ አምበር የሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ገባን። መንገድ ላይ ብዙም አላወራንም። «የኔታ ይፈርማሉ፤ አንድ ፊርማ ናት» አልኳት። እሷ በመስኮት ጤፉን ታይ ነበር። «አንተ የኔታን የማታውቃቸው ትመስላለህ» አለችኝ።

አምበር ስንደርስ መጀመሪያ ቀበሌ ገባን። ጸሐፊው ወጣት ነው፤ የኔታ ፊደል ካስቆጠሯቸው አንዱ ነው። ለዚህ ጉዳይ የተዘጋጀ ደብዳቤ ኮምፒውተሩ ውስጥ ነበረው፤ ስሞቹን ብቻ ሞልቶ አተመልኝ። የመጨረሻው መስመር እንዲህ ይላል፤ «ልጄን ከላይ በተጠቀሱት ሁለት ስሞች የጠራኋት መሆኔን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።» አየሁትና ልቤ ትንሽ ፈራ።

«ይህችን መስመር ለወጥ ማድረግ አይቻልም?» አልኩት።

«አይ ጋሼ፣ አዲስ አበባዎች የሚያውቁት ይህን ነው። አንድ ቃል ከተለወጠ ይመልሱብናል። ሳትቸገሩ ነገ ጠዋት የኔታን ይዘሃቸው ና፤ እኔ ፊት ይፈርሙ።»

የኔታን ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። እናታችን ካረፈች ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። ሁለታችንም ጉልበታቸውን ስመን ተቀመጥን፤ እኔ ነገሩን ከመጀመሪያው አስረዳሁ። ደብዳቤውን ዐይናቸው ድረስ አስጠግተው አነበቡት፤ ሀ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ይህ ሀ ምንድን ነው?»

«ነገርኩዎ እኮ፤ ፋክስ ላይ ነው መካከለኛው እግሩ የጠፋው።»

«ፋክስ ምን ማለት ነው?»

ይህን ጊዜ ዝም ማለት ነበረብኝ። አንድ ጊዜ ሱቅ ውስጥ ሥራ ፈትቼ ስልኬ ላይ ትርጉሙን ፈልጌ ነበርና ዕውቀቴን ማሳየት አማረኝ። «ከላቲን ነው የኔታ። ረጅሙ ቃል ፋክሲሚሊ ነው፤ ሁለት ቃል ተጣብቆ ነው። አንዱ 'አድርግ' ነው፤ ሌላው 'ተመሳሳይ' ነው።»

«አድርግ? ትእዛዝ አንቀጽ ነው?»

«ይመስለኛል።»

«እንግዲያ 'አስመስል' ማለት ነዋ!» አሉና ሳቁ። ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። «አስመስል! ስሙን ነግሮህ ነበር እኮ፤ አንተ ነህ ያልሰማኸው። አስመስል የሚባል ዕቃ አምነህ ነው ልጄን የላክህበት?»

እህቴም ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። የቅኔ ሰው አንድ ቃል እጁ ላይ ከገባ የመጣህበትን ጉዳይ ረስቶ እሷን ሲያገላብጥ ይውላል፤ ልጅ ሆኜም የሚያበሽቀኝ ነገር ነበር። ማስመሰል መቅዳትም ነው፣ ማታለልም ነው፤ እኔ መቅዳቱን ይዤ እኖራለሁ፣ እሳቸው ማታለሉን ያዙ።

«የኔታ፣ ይፈርሙልኝ» አልኩ።

ሳቁ አለቀ። ጣታቸውን መጨረሻው መስመር ላይ አደረጉ። «'የጠራኋት' ይላል።»

«አዎ።»

«መቼ ጠራኋት?»

«አባባል ነው እኮ የኔታ! የመሥሪያ ቤት አባባል!»

«አባባል ከሆነ አንተ በላት። እኔ ግን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ ነው የሚለው። በዚህ ስም ጠርቻት አላውቅም። ሳልጠራት ጠራኋት ብል ማን ሆንኩ? አስመሳይ አይደለሁ?»

ደሜ ፈላ። በዚህ አገር ዋናውን ሳያዩ «ተገናዝቧል» ብለው ማኅተም የሚመቱ አሉ፤ ዋናውን አይተው «አይገናዘብም» የሚሉ አሉ፤ ይህን ሁሉ አልፌ መጥቼ የአባቴ ቤት ደጃፍ ላይ አንድ የግስ ጊዜ ያጋድመኛል? ሁሉም ትክክል ነው፤ ሁሉም ያየውን ነው የጻፈው፤ ሁሉም የማያውቀውን አይፈርምም፤ እህቴ ብቻ ናት ሥራ የምታጣው።

«እርስዎ ያኔ እሳቱን ሰ ቢተዉላት ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር!» ብዬ ጮኽኩባቸው። «ሰ ላይ መስመር ቢያልፍበትም ሌላ ፊደል አይሆንም! የርስዎ ንጉሥ ነው እግሩ የተቆረጠው! ለርስዎ ፊደል ሲባል እሷ ዕድሜዋን ሙሉ የኔን ወረቀት ስታትም ትኑር?»

የኔታ ላይ ጮኼ አላውቅም። ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ። እሳቸው ደብዳቤውን አጥፈው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። እህቴ ተነሣች።

«ተወው» አለችኝ። ወደ እሳቸው ዞራ ደግሞ «ግድ የለም የኔታ፤ ሌላ ሥራ ይመጣል» አለች። ድምፅዋ ልክ ተቀጥረው ለሚያመሰግኗት ሰዎች «እንኳን ደስ ያላችሁ» የምትልበት ነበር። ያን ጊዜ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። የኔታ ቀና ብለው አዩዋት። ያንን ድምፅ ከዚያ በፊት ሰምተውት አያውቁም።

ጠዋት ስነሣ የኔታ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ጃንጥላቸውን ይዘው ደጅ ቆመው ነበር። «በል እንሂድ» አሉኝ። «ይፈርማሉ?» አልኩ። «እንሂድ አልኩህ» አሉ። ከዚያ ወዲያ መጠየቅ አልደፈርኩም። መንገዱን ሙሉ እኔና እሳቸው ከፊት፣ እህቴ ከኋላ ሆና ሄድን። ውስጤ አሁንም ይበሽቃል፤ እዚያ ደርሰው ጸሐፊውን ስለ ግስ ሲያስተምሩት፣ ሰኞም ሲመሽ ይታየኛል።

ቀበሌው ውስጥ ባለጉዳይ ሞልቷል። እህቴ አልገባችም፤ ከግቢው ማዶ አጥሩ ሥር፣ ባሕር ዛፎቹ ጋ ጀርባዋን ሰጥታን ቆመች። ማየት አልፈለገችም። ጸሐፊው ከወንበሩ ተነሥቶ የኔታን አስቀመጠና ደብዳቤውን ፊታቸው አደረገ፤ እስክሪብቶ ሰጣቸው። እንደገና አነበቡት፤ ከላይ እስከ ታች፣ በጣታቸው እየተከተሉ።

«ልጄ» አሉት ጸሐፊውን፣ «ይህ 'የጠራኋት' የሚለው ስንት ጊዜ እንደሆነ ይናገራል?»

ጸሐፊው ግራ ገባው። እኔን አየኝ። «አይ፣ የኔታ። እሱን አይጠይቅም።»

«አንድ ጊዜም ቢሆን?»

«አንድ ጊዜም… ያው ነው፤ ይመስለኛል።»

እስክሪብቶውን አስቀመጡና ተነሡ። በባለጉዳዩ መሀል አልፈው በሩ ላይ ቆሙ። እኔ ትተውን የሚሄዱ መስሎኝ ተከተልኩ። ልይዛቸው እጄን ስዘረጋ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ማኅሌት ቆመው በሚያወጡት በዚያ ድምፃቸው፣ በሀ የሚጀምረውን ያንን ስም ተጣሩ።

ባለጉዳዩ ሁሉ ወደ በሩ ዞረ። ያ ስም ሰው አፍ ላይ የወጣው ያን ቀን ነው። እህቴ ዞር አላለችም። ለምን ትዞራለች? ስሟ አይደለም። የኔታ ጉሮሯቸውን ጠረጉና እንደገና ተጣሩ፤ ሁለተኛው ላይ ድምፃቸው ትንሽ ተሰበረ። ያኔ ዞረች። መጀመሪያ ማንን እንደሚጠሩ ለማየት ግቢውን አየች፣ ቀጥሎ እሳቸውን አየች፤ በሩ ላይ፣ ጋቢያቸው ከትከሻቸው ወርዶ፣ መልስ ሲጠብቁ። ገባት። ከዚያ ማዶ ሆና፣ ሁሉም እየሰማት፣ «አቤት!» አለች።

የኔታ ተመልሰው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። «ጠርቻታለሁ» አሉ ጸሐፊውን። «አቤት ብላኛለች። አምጣ ልፈርም።»

ፈረሙ። ማኅተሙ ሲያርፍ እኔ የማየው አጥቼ ጣሪያውን ሳይ ቆየሁ። ደብዳቤውን ተቀብዬ ወጣሁ። ለሦስት ቀን ውስጤ ሲፈላ የነበረው ንዴት የት እንደገባ አላውቅም፤ ፈለግሁት፣ አጣሁት።

የኔታ ሚኒባስ እስከሚቆምበት ድረስ ሸኝተውን አያውቁም፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ያን ቀን ግን ወደ ቤታቸው በሚወስደው መንገድ አልታጠፉም፤ ከኋላችን መጡ። ትንሽ እንደሄድን የእህቴን ስም ጠሩ፤ የራሷን፣ በንጉሡ ሠ የሚጀምረውን።

«አቤት የኔታ» ብላ ቆመች።

«ምንም። ሂጂ» አሉ።

ሄድን። ድልድዩ ጋ ስንደርስ እንደገና ጠሯት። «አቤት» አለች። «ሂጂ ሂጂ» አሉ። አስፋልቱ ላይ ስንወጣ ጠሯት። ሚኒባሱ መጥቶ ገብታ ስትቀመጥም በመስኮቱ በኩል ጠሯት። በእያንዳንዱ ጊዜ ዞር ብላ አቤት ትላቸዋለች፤ የሚነግሯት ነገር ግን አልነበራቸውም።